ፖላሪሜትር፦ የስኳርን ለውጥ በብርሃን የሚከታተል መሣሪያ

ለከረሜላ የሚሆን ሽሮፕ ሲዘጋጅ የስኳር ብጥብጥ ጥቂት አሲድ ታክሎበት ይሞቃል። ስኳሩ ግሉኮስና ፍሩክቶስ ወደሚባሉ ሁለት ስኳሮች ይሰነጠቃል፤ እነዚህ ስላሉበትም ከረሜላው አሸዋማ አይሆንም። እሳቱ መቼ ይጥፋ? መልሱን የሚሰጠው ፖላሪሜትር ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። በአንድ ጫፍ ቢጫ የሶዲየም መብራት፣ በመካከል ብጥብጡ የሚሞላበት ቱቦ፣ በቱቦው ግራና ቀኝ ደግሞ በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገብ ብርሃን ብቻ የሚያሳልፉ ማጣሪያዎች አሉት። ስኳር ይህን አቅጣጫ ወደ ቀኝ ያዞረዋል፤ የግሉኮስና የፍሩክቶስ ቅልቅል ግን ወደ ግራ። በ100 ሚሊ ሊትር 10 ግራም ስኳር ያለበት ብጥብጥ በ20 ሴንቲ ሜትር ቱቦ ሲታይ ንባቡ ከ13 ዲግሪ ትንሽ ያልፋል። አሲዱ ሥራውን ሲጀምር እየወረደ ዜሮን አልፎ ከዜሮ በታች 4 አካባቢ ይቆማል። ዜሮ ላይ ሲደርስ የስኳሩ ሦስት አራተኛ ገደማ ተለውጧል። ሰዓት ይዞ ዲግሪውን መመዝገብ ይበቃል።

ጀርመናዊው ሉድቪግ ቪልሄልሚ እ.ኤ.አ. በ1850 በዚሁ መንገድ የለውጡ ፍጥነት ገና ካልተለወጠው ስኳር መጠን ጋር እንደሚመጣጠን አሳየ። ግማሹ በ1 ሰዓት ከተለወጠ፣ የቀሪውም ግማሽ ሌላ 1 ሰዓት ይፈልጋል፤ 99 በመቶ ለመድረስ ወደ 7 ሰዓት ይጠጋል። ጊዜና ነዳጅ የሚበላው የመጨረሻው ጥቂት ነው። ሙቀት ሲጨመር ሥራው ይፈጥናል፤ ስዊድናዊው ስቫንቴ አሬኒየስ እ.ኤ.አ. በ1889 የሙቀትንና የፍጥነትን ዝምድና ሲቀምር የተነሣው ከዚሁ የስኳር ለውጥ ነው። ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ግን ሽሮፑ ይጠቁራል።

እንደ ወንጂና መተሐራ ባሉ የስኳር ፋብሪካዎች ይኸው ለውጥ ኪሳራ ነው። የሸንኮራ አገዳ ጭማቂ በተፈጥሮው አሲድነት ስላለው ሲሞቅ ስኳሩ ይሰነጠቃል፤ የተሰነጠቀው ከሞላሰስ ጋር ይሄዳል። ይህን ለመግታት ኖራ ይጨመራል፤ ኖራው ሲበዛ ደግሞ ግሉኮሱና ፍሩክቶሱ ፈርሰው ጭማቂውን ያጠቁሩታል። ከረሜላ ሠሪው ለማፋጠን፣ ስኳር አምራቹ ለማዘግየት የሚፈልጉት ቁጥር አንድ ነው፦ በዚህ ሙቀትና በዚህ የአሲድ መጠን በደቂቃ ምን ያህል ስኳር ይለወጣል?