የዱቤው ግዢ ለምን አነሰ?

እንደ ዳሸን ባንክ «ዱቤ አለ» ባሉ፣ ዕቃ አሁን ተወስዶ በየወሩ በሚከፈልባቸው አገልግሎቶች አማካይ ግዢ ሲወርድ ነጋዴው «ገበያው ሞተ» ለማለት ይቸኩላል። ወላይታ ሶዶ ላይ መጀመሪያ መታየት ያለበት ወሩ ነው። መስከረም የጊፋታ ገበያ ነው፤ ጥቅምት የሚነጻጸረው ካለፈው ዓመት ጥቅምት ጋር ነው።

ቀጥሎ የገዢው ዓይነት ይታያል። አሥር ደንበኞች እያንዳንዳቸው በ10,000 ብር ይገዙ ነበር እንበል። በ2,000 ብር የሚጀምሩ አሥር አዲሶች ሲጨመሩ አማካዩ ወደ 6,000 ይወርዳል፤ ጠቅላላ ሽያጩ ግን ከ100,000 ወደ 120,000 ብር አድጓል።

የሚያሳስበው የነባሮቹ ሲያንስ ነው። ብር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲተመን ከተለቀቀ ወዲህ የውጭ ዕቃ ተወድዷል። የመምህሩ የዱቤ ጣሪያ በቀድሞው ልክ ከቆየ ማቀዝቀዣው ያልፈዋል፤ ምድጃ ብቻ ይዞ ይወጣል። ይህን ደግሞ ሻጩ በቅናሽ አይፈታውም፤ ጣሪያውን የሚወስነው አበዳሪው ነው።