በጣና ዳርቻ ለዓሣ ማጥመጃ የሚሆን ዘንግና የክር ማጠንጠኛ በአነስተኛ ወጪ እንዴት ይመረጣል?

መራዊ፦ ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው አስፋልት መንገድ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው መራዊ በዓሣ የምትታወቅ ከተማ አይደለችም። ስሟ ሲነሣ ቀድሞ የሚታወሰው በቆሎው፣ ጤፉና በመስኖ የሚለማው ማሳ ነው። ይሁንና በአቅራቢያዋ ከ83 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ውኃ የሚይዘውና 7 ሺህ ሄክታር መሬት ለማልማት ታስቦ የተገነባው የቆጋ ግድብ ይገኛል። የቆጋ ወንዝ ወደ ግልገል አባይ፣ ግልገል አባይም ወደ ጣና ሐይቅ ይፈሳል። በመሆኑም የመራዊም ሆነ የባሕር ዳር ነዋሪ ጸጥታው በሚፈቅድበት የዕረፍት ቀን ዘንግ ይዞ ውኃ ዳር ለመቀመጥ ረጅም መንገድ መጓዝ አያስፈልገውም።

ዘንግ ለመግዛት የሚያስብ የመንግሥት ሠራተኛ አስቀድሞ የሚያነሣው ጥያቄ ዋጋን የተመለከተ ነው። ዕቃው ከውጭ የሚገባ ከመሆኑም በላይ፣ ብሔራዊ ባንክ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ እንዲህ ያለው ዕቃ ከደመወዝ ጋር የሚኖረው ርቀት ሰፍቷል። በዚህ ሁኔታ ውስጥ ገዢው ገንዘቡን በየትኛው ክፍል ላይ ማዋል እንደሚገባው ለይቶ ማወቁ ጠቃሚ ይሆናል። አጭሩ መልስ የሚከተለው ነው፦ ከተመደበው ገንዘብ ግማሹ ለክር ማጠንጠኛው፣ ሲሶው ለዘንጉ፣ የቀረው ለክር፣ ለመንጠቆና ለማታለያ ቢውል ገዢው አይከስርም።

ብዙ ጀማሪዎች ግን የሚያደርጉት የዚህን ተቃራኒ ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ከዓመታት በፊት እንደ ራዲዮ አንቴና እየተሳበ የሚረዝም ዘንግ ከነማጠንጠኛው በአንድ ፓኬት ታሽጎ ሲሸጥ አይቶ፣ በዘንጉ ርዝመትና በቀለሙ ማማር ተማርኮ ገዝቶ ነበር። በሁለተኛው ቀን አንድ ትልቅ ዓሣ ሲይዝ የማጠንጠኛው ፍሬን ተጣብቆ ክሩን አልለቅ በማለቱ ክሩ ተበጠሰ። ዓሣው መንጠቆውንና የፕላስቲክ ማታለያውን በአፉ እንደ ያዘ ሄደ። በጣና ሐይቅ ላይ እንዲህ ያለው ጉዳት ገዢው ባወጣው ገንዘብ ብቻ የማይለካው ለምን እንደሆነ ለመረዳት፣ ማታለያ የሚይዘው ዓሣ የትኛው እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል።

በባሕር ዳር ገበያ ከሚቀርቡት የዓሣ ዓይነቶች ሦስቱ ዋና ዋናዎቹ ቀረሶ፣ አምባዛና ነጭ አሳ ናቸው። ቀረሶ በአብዛኛው የሚመገበው በውኃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ዕፅዋትን በመሆኑ፣ ትንሽ ዓሣ መስሎ የሚዋኝን የፕላስቲክ ማታለያ እምብዛም አያሳድድም፤ እርሱን የሚፈልግ ሰው ሊጥ ወይም ትል በትንሽ መንጠቆ ላይ ቢያደርግ ይሻለዋል። አምባዛ ያገኘውን ሁሉ የሚበላ ሲሆን ማታለያም አልፎ አልፎ ይይዛል። የለስላሳ ፕላስቲክ ማታለያ ዋነኛ ዒላማ ግን ነጭ አሳ ተብሎ በአንድ ስም የሚጠራው ወገን ነው።

ይህ አንድ ስም የያዘው አንድ ዓይነት ዓሣ አይደለም። የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ሌዎ ናገልከርከ እና ፈርዲናንድ ሲቢንግ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ባካሄዱት ጥናት፣ በሐይቁ ውስጥ አሥራ አምስት የተለያዩ ትልልቅ የነጭ አሳ ዝርያዎች መኖራቸውን አመልክተዋል። አብዛኞቹ በሌላ በየትኛውም የዓለም ክፍል አይገኙም። ከእነዚህ መካከል ስምንቱ ሌሎች ዓሦችን አድነው የሚበሉ ናቸው። ይህም በሳይንቲስቶች ዘንድ እንግዳ ነገር ሆኖ ይታያል፤ የነጭ አሳ ወገን መንጋጋው ላይ ጥርስ የሌለው፣ ምግቡን በጉሮሮው ውስጥ ባሉ ጥርሶች የሚያደቅ በመሆኑ አዳኝ ይሆናል ተብሎ አይጠበቅምና። ለአጥማጁ ይህ ሁለት ነገር ያስረዳዋል። አንደኛ፣ ክሩን የሚቆርጥ የመንጋጋ ጥርስ ስለሌለ በማታለያው ፊት የብረት ሽቦ ማሰር ትርፍ ወጪ ነው። ሁለተኛ፣ ዓሣው ከአካሉ ጋር ሲነጻጸር ትንንሽ ዓሦችን ስለሚያድን የማታለያው ርዝመት ከአምስት እስከ ሰባት ሳንቲ ሜትር ቢሆን ይበቃል።

ችግሩ ያለው ከዚህ ቀጥሎ ነው። በሐይቁ ላይ በሞተር ጀልባ የታገዘ የመረብ ዓሣ ማጥመድ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1986 ነበር። ማርቲን ደ ግራፍና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ2001 የተደረጉ የሙከራ ማጥመዶችን አነጻጽረው እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጡት ጥናት፣ በሐይቁ ደቡባዊ ክፍል የነጭ አሳ መጠን በክብደት 75 በመቶ፣ በቁጥር 80 በመቶ ያህል መቀነሱን፣ የትንንሾቹ ደግሞ 90 በመቶ ያህል መመናመኑን አስነብበዋል። ዝርያዎቹ እንቁላል ለመጣል ክረምት ላይ እንደ ግልገል አባይ፣ ጉማራና ርብ ወዳሉ ወንዞች ሲወጡ በወንዞቹ አፍ ላይ በመረብ በብዛት መያዛቸው ለማሽቆልቆሉ ዋነኛ ምክንያት ተብሎ ተጠቅሷል። በዘንግ የሚያጠምድ አንድ ሰው ከመረብ ጋር የሚወዳደር ጉዳት አያደርስም። ነገር ግን ከጥቂቶቹ አንዱን ከያዘ በኋላ ክሩ ተበጥሶበት መንጠቆ ውጦ እንዲሄድ ማድረጉ፣ በትክክለኛ ዕቃ ሊቀር የሚችል ጥፋት ነው።

ወደ ምርጫው ስንመለስ፣ ማጠንጠኛ ከሚባሉት መካከል ለጀማሪ የሚመቸው ክሩ የተጠመጠመበት ክፍል ፊት ለፊት የሚታይና ክሩን የሚመልስ የሽቦ ቅስት ያለው ዓይነት ነው። መጠኑ በቁጥር ይገለጻል፤ ለጣና 2500 ወይም 3000 የሚል የተጻፈበት ተስማሚ ነው። ሻጮች በውስጡ ስላለው የኩሽኔታ ብዛት ደጋግመው ይናገራሉ። አሥር ደካማ ኩሽኔታ ካለው ይልቅ ሦስት ወይም አራት ጥሩ ኩሽኔታ ያለው ይመረጣል። ገዢው በሱቁ ውስጥ ማየት ያለበት ሌላ ነገር ነው። እጀታውን በቀስታ ሲያዞር ጥርሶቹ የሚንገጫገጩ ከሆነ፣ እጀታውን ይዞ ሲነቀንቀው ብዙ የሚላወስ ከሆነ፣ የሽቦው ቅስት ሲከፈትና ሲዘጋ የሚያንገራግር ከሆነ ይተወው። ከሁሉም በላይ ፍሬኑን ይፈትሽ። ፍሬን የሚባለው ዓሣው በኃይል ሲስብ ክሩ ሳይበጠስ በልክ እንዲለቀቅ የሚያደርገው ክፍል ሲሆን፣ በፊት በኩል ባለች ቁልፍ ይጠብቃል፤ ይላላል። በመጠኑ አጥብቆ ክሩን በእጅ ሲስቡት በአንድ ወጥ ፍጥነት መለቀቅ አለበት። እየተያዘ፣ እየዘለለ የሚለቅ ፍሬን፣ ማጠንጠኛው ምንም ያህል ቢያምር፣ ዋጋ የለውም። እንደ ሺማኖና ዳይዋ ያሉ የጃፓን ኩባንያዎች ዝቅተኛ ዋጋ ያላቸው ምርቶች ለዚህ ሥራ በቂ ናቸው፤ ውዶቹን መመኘት አያስፈልግም።

ዘንጉን በተመለከተ ርዝመቱ 2 ሜትር ከ40 ሳንቲ ሜትር ያህል ቢሆን ይመረጣል። ለዚህም ምክንያቱ የጣና ዳርቻ ሁኔታ ነው። በአካባቢው ቢልሃርዝያ ስለሚገኝ ውኃው ውስጥ ገብቶ መቆም አይመከርም፤ አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ደግሞ ጉማሬ አለ። ስለዚህ አጥማጁ ደረቅ መሬት ላይ ቆሞ ማታለያውን ከደንገሉና ከድንጋዩ አሻግሮ መወርወር ይኖርበታል። በዘንጉ ላይ ከ5 እስከ 20 ግራም የሚል ጽሑፍ ይፈለግ፤ ይህ ዘንጉ በአግባቡ ሊወረውረው የሚችለውን ክብደት ያመለክታል። የሐይቁ ከፍተኛ ጥልቀት 14 ሜትር ብቻ ሲሆን ዳር ዳሩ ከዚያ እጅግ ያነሰ በመሆኑ፣ ከ5 እስከ 7 ግራም የሚመዝን እርሳስ ያለው መንጠቆ ለአብዛኛው ጊዜ ይበቃል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ 10 ግራም ይያዛል።

ዘንግ ከፋይበር ግላስ ወይም ከካርቦን ይሠራል። ካርቦኑ ቀላልና የዓሣውን ንክሻ ወደ እጅ ፈጥኖ የሚያደርስ ሲሆን፣ ድንጋይ ሲመታው ግን ይሰነጠቃል። ኤሌክትሪክም ያስተላልፋልና መብረቅ በሚበዛበት ክረምት ደመና ሲጠቁር ማስቀመጥ ግድ ይላል። ሁለቱ ተቀላቅለው የተሠሩት በዋጋም በጥንካሬም መካከለኛ ናቸው። ለመራዊ ሰው በሚኒባስ ይዞት ሊሄድ የሚችለው ሁለት ቦታ የሚከፈል ዘንግ የተሻለ ሲሆን፣ ከውጭ አገር በሚመጣ ዘመድ የሚያስመጣ ግን አራት ቦታ የሚከፈለውን ቢያዝ፣ እያንዳንዱ ክፍል 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሚሆን ሻንጣ ውስጥ ይገባል። እንዲህ ያለ ዕቃ በየሱቁ የሚገኝ ባለመሆኑ ይህ መንገድ ለብዙዎች የቀረበው ሊሆን ይችላል። እንደ አንቴና የሚሳበው ግን መገጣጠሚያው በብዛቱ ይደክማል፤ ከላይ የተገለጸው ገጠመኝም ይመሰክራል። ክሩ የሚያልፍባቸውን ቀለበቶች ለመፈተሽ ትንሽ ጥጥ በውስጣቸው ማሳለፍ በቂ ነው፤ ጥጡን የሚይዝ ስንጥቅ ካለ ክሩንም ይበላዋል።

ክር ላይ መቆጠብ ትልቁ ስሕተት ነው። 0.25 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አዲስ ናይለን ለጀማሪ ይሆናል። በለስላሳ ማታለያ ማጥመድ ግን በእጅ ስሜት ላይ የተመሠረተ ነው፤ ናይለን ደግሞ ስለሚለጠጥ ቀላሉን ንክሻ ያደነዝዛል። አቅሙ የፈቀደ ከውስጥ ርካሽ ናይለን ጠምጥሞ፣ ከላይ 100 ሜትር ያህል የተገመደ ቀጭን ክር ቢጨምር፣ ጫፉ ላይም የጣና ድንጋይ እንዳይበላው አንድ ሜትር ወፍራም ናይለን ቢቀጥል ሁለቱንም ጥቅም ያገኛል። ክሩ ከማጠንጠኛው ጠርዝ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ እስኪል መሞላት አለበት፤ ካነሰ ውርወራው ያጥራል፣ ከበዛ ይተረተራል። ፀሐይ ናይለንን ስለምታደክመው በየዓመቱ መለወጥም ተገቢ ነው።

ፍሬኑን ለማስተካከል ውድ ሚዛን አያስፈልግም። አንድ ሊትር ውኃ የሞላ ሃይላንድ አንድ ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ክሩን በእርሱ አንገት ላይ አስሮ በዘንጉ ማንሳት ነው፤ ሃይላንዱ ከመሬት ተነሥቶ ወዲያው ክሩ በዝግታ ሊለቅ ሲጀምር ፍሬኑ አራት ኪሎ ለሚችል ክር ልክ ሆነ ማለት ነው።

ማታለያዎቹን በተመለከተ ጅራታቸው እንደ መቅዘፊያ ጠፍጣፋ የሆነው ዓይነት ለጣና ይስማማል። የሐይቁ ውኃ በደለል የተነሣ የደፈረሰ በመሆኑ ዓሣው ማታለያውን ከማየቱ በፊት የጅራቱን መንቀጥቀጥ ይሰማልና። ነጭና ጥቁር ቀለም አምስት አምስት መያዝ ሃያ ዓይነት ከመሰብሰብ ይሻላል። የተለያየ ፕላስቲክ አንድ ላይ ከተቀመጠ እርስ በርሱ ሊቀላለጥ ስለሚችል በየራሱ ከረጢት ይቆይ። የተቀደደው ማታለያ ውኃ ውስጥ አይጣል፤ አይበሰብስም።

ማጥመዱን በሚመለከት የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 በሥራ ላይ ያለ ሲሆን፣ የአማራ ክልልም የራሱ ሕግ አለው። እንደ ብርብራ ባሉ መርዛማ ነገሮች ማጥመድ የተከለከለ ነው። ፈቃድን በተመለከተ ከመሄድ በፊት የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ሕግ የሚያስፈጽመው የመንግሥት ሠራተኛ ራሱ ያለ ፈቃድ ተገኝቶ ሲጠየቅ ማየት ደስ አይልም። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ነጭ አሳ ወደ ወንዞች ስለሚወጣ በግልገል አባይና በሌሎቹ ወንዞች አፍ ላይ ዘንግ አለመዘርጋት ይበጃል።

መንጠቆው ነጠላ ይሁን፤ ወደ ኋላ የዞረችውን እሾህ መሰል ጫፉንም ከቤት ሳይወጡ በፒንሳ ጨፍልቆ ማስተኛት ይገባል። እንዲህ የተደረገ መንጠቆ ከነጭ አሳው አፍ በአንድ እጅ ይወጣል። ዓሣው የሚለቀቅ ከሆነ በእርጥብ እጅ ተይዞ፣ ከውኃው ሳይወጣ፣ ራሱ እስኪዋኝ ድረስ ይደገፋል።