ኤንዮኖች ሲቀራረቡ፦ ከስፒን ሰንሰለት ጋር ያላቸው ዝምድናና ልዩነት



ኤንዮኖች በሁለት ልኬት በተወሰኑ ሥርዓቶች ውስጥ የሚከሰቱ፣ ቦዞንም ፌርሚዮንም ያልሆኑ ቅንጣት መሰል ክስተቶች ናቸው። አንዳንዶቹ የኳንተም መረጃን በጋራ ስለሚይዙ ለኳንተም ኮምፒውተር ታጭተዋል። ሲቀራረቡ ግን መስተጋብር ይፈጥራሉ። ያን ጊዜ መረጃው ምን ይሆናል?

በሃይዘንበርግ የስፒን ሰንሰለት ውስጥ ሁለት ግማሽ ስፒኖች ሲጣመሩ ጠቅላላ ስፒናቸው 0 ወይም 1 ይሆናል፤ በጸረ-ፌሮማግኔት ዝቅተኛው ኢነርጂ የ0 ነው። ሁለት የፊቦናቺ ኤንዮኖችም ሲዋሐዱ ወይ ይጠፋፋሉ፣ ወይ አንድ ኤንዮን ይሆናሉ። አድሪያን ፌይጊንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ጥናት ለመጠፋፋቱ ዝቅተኛውን ኢነርጂ ሰጥተው «ወርቃማው ሰንሰለት» የተባለውን ሞዴል አቀረቡ።

ዝምድናው ግን ወሰን አለው። እያንዳንዱ ስፒን የራሱ 2 ሁኔታዎች አሉት፤ ኤንዮን ለብቻው ምርጫ የለውም። ሰንሰለቱ ሲረዝም የጋራ ሁኔታዎቹ ቁጥር በእያንዳንዱ ተጨማሪ ኤንዮን በ1.618 ገደማ፣ ማለትም በወርቃማው ምጥጥን፣ ይባዛል። ሁለቱም ሰንሰለቶች የኢነርጂ ክፍተት የላቸውም፤ የወሳኝ ሁኔታቸው መለያ የሆነው ማዕከላዊ ቻርጅ ግን ለስፒኑ 1፣ ለኤንዮኑ 7/10 ነው።

እንግዲህ መስተጋብሩ እኩል ኢነርጂ የነበራቸውን ሁኔታዎች ይለያያል፤ መረጃውም ለመዛባት ይጋለጣል። መጠበቂያው ኤንዮኖቹን ማራራቅ ነው፤ የኢነርጂው ልዩነት ርቀት ሲጨምር በኤክስፖኔንሻል ፍጥነት ይቀንሳልና።