የላላ መሪ በደንገጎ ቁልቁለት

ከ1,900 ሜትር ገደማ የሐረር ከፍታ ተነሥቶ፥ በደንገጎ ጠመዝማዛ ወደ ድሬዳዋ የሚወርድ አሮጌ የጭነት መኪና መሪው ላልቶ ቋ ቋ ሲል፥ ብዙው ነጂ የሚቸኩለው የመሪውን ሳጥን ብሎን ለማጥበቅ ነው። እኛ ይህን አንወድም። ብሎኑ ከልክ ካለፈ መሪው ይደርቃል፤ ከመታጠፊያም በኋላ አልመለስ ይላል፤ ይህ ደግሞ በቁልቁለት ከመላላቱ የከፋ ነው።

ይልቅስ ከጁገል ጠባብ መንገዶች ወጥቶ፥ ደልዳላ ቦታ ላይ ሞተሩን አጥፍቶ፥ አንዱ መሪውን ግራና ቀኝ ጥቂት ያወዛውዝ፤ ሌላው ጎንበስ ብሎ ይመልከት። የመሪው ክንድ ሄዶ ዘንጉ ከዘገየ፥ ያለቀው የዘንጉ ጫፍ መጋጠሚያ ነው። ግራሶ ድምፁን ለጊዜው ዝም ያሰኘው ይሆናል፤ መጋጠሚያው ግን መለወጥ አለበት። ከተለወጠም በኋላ ጉዞ ሳይጀመር የፊት ጎማዎቹ አቅጣጫ ይለካ።