ሽንት ማምለጥ እርግማን አይደለም

እናቶች ሆይ! ከከባድ ምጥ በኋላ ሽንቷ ሌትና ቀን የሚፈስባት ሴት አለች። ጎረቤት ይሸሻታል፤ እሷም ከለቅሶ፣ ከማኅበርና ከገበያ ትቀራለች። ይህ ግን የሰውነት ጉዳት ነው እንጂ እርግማን አይደለም፤ ሕክምናም አለው።

ነገሩ እንዴት ነው? የሽንት ፊኛ እንደ አቁማዳ ነው። ምጥ ሁለት ሦስት ቀን ሲቆይ የሕፃኑ ራስ ፊኛውን ከአጥንት ጋር አጣብቆ ይጫነዋል፤ ደም ያጣው ሥጋም ይሞትና ይቀደዳል። ይህ ፊስቱላ ይባላል። አንዳንዴም የአቁማዳው አፍ ማሰሪያ፣ ማለት ሽንት የሚቋጥረው ጡንቻ፣ አብሮ ይበላሻል። ያን ጊዜ ቀዳዳው ቢሰፋም ሽንቱ ያመልጣል።

ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ በ1951 ዓ.ም. አዲስ አበባ መጥተው በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ሥራ ጀመሩ። የሽንት ቧንቧዋ ጨርሶ ለጠፋባት ሴት አዲስ ቧንቧ ሠርተው፣ ከጭኗ ውስጠኛ ጎን ባመጡት ቀጭን ጡንቻ ደገፉት። ዘዴውንም በ1961 ዓ.ም. ለዓለም ሐኪሞች በጽሑፍ አሳወቁ።

ኋላም የሆላንድ ሐኪሞች ይህንኑ ጡንቻ በቧንቧው ዙሪያ ጠምጥመው ማሰሪያ አደረጉት። የጭን ጡንቻ ግን ቶሎ ይደክማል። ስለዚህ ከቆዳ ሥር ትንሽ መሣሪያ ቀብረው፣ ቀላል ኤሌክትሪክ እየሰጡ ለሳምንታት ያለማምዱት ነበር። ሴትዮዋ ሽንቷ ሲመጣ መሣሪያውን ታጠፋ ነበር፤ ጡንቻውም ይላላ ነበር። ይህ ከባድ ኦፐራሲዮን ነበር፤ ቁስሉ ሊያመረቅዝ፣ መሣሪያውም ሊበላሽ ስለሚችል ሌላው ሁሉ ላልረዳት ብቻ የሚታሰብ ነበር። እናንተ እርሱን አትጠብቁ፤ አብዛኛው ፊስቱላ በስፌት ይድናል።

በቤት ይህን አድርጉ፦

፩. «ሽንቴ እንዳይበዛ» ብላችሁ ውሃ መጠጣት አትተዉ። ውሃ ሲያንስ ሽንቱ ይከርርና ገላን ያቃጥላል።

፪. ገላችሁን ታጥባችሁ አድርቁ፤ ቫዝሊን ተቀቡ።

፫. ጨርቁን በሳሙና አጥባችሁ ፀሐይ ላይ አስጡ።

፬. ምጥ ሲጀምር ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ ቀን እስኪሞላ አትቆዩ።

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ያላችሁም ሆነ ከገጠር ዘመድ ጋ የመጣችሁ፣ ቅርብ ላለው ጤና ጣቢያ ንገሩ። የሐምሊን ፊስቱላ ሆስፒታል በአዲስ አበባ፣ በባሕር ዳር፣ በይርጋለም፣ በሐረርና በመቱ ያለ ክፍያ ያክማል። ባሎችና አማቶችም አብራችሁ ሂዱ እንጂ አታግልሏት። በሽታውን ለደበቀ መድኃኒት የለውምና።