መቼ ይጀመር? ምንስ ይቅደም? ባዮሎጂክ መድኃኒቶች በአንጀት ብግነት ሕክምና



ክሮንስና አልሰሬቲቭ ኮላይተስ ስለተባሉት ሥር የሰደዱ የአንጀት ብግነት ሕመሞች ሲነሳ፣ አዘውትሮ የሚቀርበው ጥያቄ «ከባዮሎጂክ መድኃኒቶች የትኛው ይሻላል?» የሚል ነው። ከዚህ የሚቀድሙ ሁለት ጥያቄዎች አሉ፤ መድኃኒቱ መቼ ይጀመር? ከመጀመሩስ በፊት ምን ይረጋገጥ? የዛሬው ንግግሬ በክሮንስ ላይ አተኩሮ እነዚህን ሁለቱን ይመለከታል።

ባዮሎጂክ የምንላቸው በሕያዋን ሕዋሳት አማካይነት የሚመረቱ ትልልቅ ፕሮቲኖች ናቸው። ቢዋጡ በጨጓራና በአንጀት ውስጥ ስለሚፈርሱ በደም ሥር ወይም ከቆዳ ሥር በመርፌ ይሰጣሉ። ስቴሮይድ የሰውነትን የመከላከል ሥርዓት በጅምላ ሲያዳክም፣ እነዚህ ግን የብግነቱን አንድ መንገድ ለይተው ይዘጋሉ። እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካ ለክሮንስ ሕመም የተፈቀደው ኢንፍሊክሲማብና ከእርሱ በኋላ የመጣው አዳሊሙማብ ቲኤንኤፍ የተባለውን ፕሮቲን ያግዳሉ። ቬዶሊዙማብ ነጭ የደም ሕዋሳት ወደ አንጀት እንዳይዘልቁ ይከለክላል፤ ኡስቴኪኑማብ ኢንተርሉኪን 12ን እና 23ን ይገታል።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንለፍ። የቆየው ስልት ደረጃ በደረጃ መውጣት ነበር፤ በስቴሮይድ ይጀመራል፣ ካልበቃ አዛታዮፕሪን ይጨመራል፣ ባዮሎጂክ የሚመጣው በመጨረሻ ነው። ይሁን እንጂ ብግነቱ በቆየ ቁጥር አንጀቱ በጠባሳ ይጠብባል፤ የጠበበውን ጠባሳ ደግሞ መድኃኒት አይመልሰውም። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመው ሶኒክ የተሰኘ ጥናት በ26ኛው ሳምንት ያለ ስቴሮይድ ሕመማቸው የበረደላቸውን ቆጥሯል፤ አዛታዮፕሪን ብቻ ከወሰዱት 30 በመቶ፣ ኢንፍሊክሲማብ ብቻ ከወሰዱት 44 በመቶ፣ ሁለቱን አጣምረው ከወሰዱት 57 በመቶ ያህሉ ነበሩ። በብሪታንያ ሕመማቸው በቅርቡ በታወቀ 386 ታካሚዎች ላይ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመው ፕሮፋይል የተባለ ጥናት ልዩነቱን ይበልጥ አጉልቶታል። ከመነሻው ጥምር ሕክምናውን ካገኙት 79 በመቶው ያለ ስቴሮይድና ያለ ቀዶ ሕክምና ሕመማቸው እንደበረደ 48 ሳምንታት ሲዘልቁ፣ በደረጃ ከታከሙት ግን 15 በመቶው ብቻ ናቸው። እንግዲህ ማስረጃው «ቀድማችሁ ጀምሩ» ይለናል።

ሁለተኛው ጥያቄ ግን ቲቢ በስፋት በሚገኝባት አገራችን ይህን ምክር በጥንቃቄ እንድንይዝ ያስገድደናል። የቲቢ ባክቴሪያ በብዙ ሰዎች ሰውነት ውስጥ ምልክት ሳያሳይ፣ በመከላከያ ሕዋሳት ቅጥር ተከብቦ ይኖራል። ያንን ቅጥር ጠብቀው ከሚያቆዩት አንዱ ቲኤንኤፍ ነው። ለአንጀቱ ስንል ስናግደው ቅጥሩም ይላላል። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ አንድ ዘገባ ኢንፍሊክሲማብ ከጀመሩ በኋላ ቲቢ የያዛቸውን 70 ታካሚዎች መዝግቧል፤ ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ላይ ሕመሙ የታየው ከሳንባ ውጭ ነበር።

ከዚህም የከፋ አደጋ አለ። የአንጀት ቲቢ ራሱ ክሮንስን ይመስላል። ሁለቱም የትንሹን አንጀት መጨረሻና የትልቁን መነሻ ያጠቃሉ፤ ሁለቱም ትኩሳት፣ የሆድ ሕመምና ክብደት መቀነስ ያመጣሉ። በናሙና ምርመራ ባክቴሪያው አለመታየቱም ቲቢ የለም ለማለት አያበቃም። ቲቢን ክሮንስ ብሎ ቲኤንኤፍን የሚያግድ ሐኪም ታካሚውን ለሞት ሊዳርግ ይችላል። ክሮንስን ቲቢ ብሎ ለወራት የሚያክም ደግሞ አንጀቱ በጠባሳ እንዲጠብብ ጊዜ ይሰጣል።

ስለዚህ በእኛ ሁኔታ ቀድሞ መጀመር ማለት ቀድሞ መለየት ማለት ነው። የቲቢ፣ የሄፓታይተስ ቢ እና የኤች አይ ቪ ምርመራ እንዲሁም የደረት ራጅ ሕመሙ በተጠረጠረበት ጊዜ፣ ከተቻለ ስቴሮይድ ሳይጀመር ይሠሩ። ስቴሮይድ የቲቢን የቆዳ ምርመራ በሐሰት ነጻ ሊያስመስል ይችላልና። ስውር ቲቢ ከተገኘ የመከላከያ ሕክምናው አስቀድሞ ይጀመር። መለየት ካልተቻለና የቲቢ ሕክምና ለሙከራ ከተጀመረ፣ ከሁለት እስከ ሦስት ወራት ባለው ጊዜ አንጀቱ በኮሎኖስኮፒ ዳግመኛ ይታይ። የታካሚው «ተሽሎኛል» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ ቁስሉ መዳኑ መረጋገጥ አለበት።

ውድ ተማሪዎች፣ የመድኃኒቶቹ ስም በየዓመቱ ይበዛል። እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ግን በእያንዳንዱ ታካሚ ፊት እንደ አዲስ መልስ ይሻሉ።