ለበዓል የማይሸጠው አውራ ዶሮ

በፋሲካ ሰሞን ሐይቅ ገበያ የወጣ ሰው ከአምባሰል ተራሮች ወርዶ የመጣውን አውራ ዶሮ ያያል። ደልዳላ ነው፤ ላባው ያብረቀርቃል። ገዢውም በእጁ መዘን መዘን አድርጎ፣ ደረቱን ዳብሶ ትልቁን ይመርጣል። ዓመት በዓል ነውና ደግ አደረገ። ነገር ግን ምርጡ አውራ ለወጥ ከሄደ፣ እቤት ከሴቶቹ ጋር የሚቀረው የትኛው ነው? ዋጋ ያላወጣው፣ ቀጫጫውና ዘግይቶ ያደገው። የመጪው ዓመት ጫጩቶች አባት የሚሆነውም እሱ ነው።

«ዘር ከልጓም ይስባል» ይባላል። ሳናስበው በየዓመቱ የዶሮአችንን ዘር ወደ ኋላ እየሳብነው ነው ማለት ነው።

ይህ የዶሮ ነገር ብቻ አይደለም፤ የልጅ ነገርም ነው። በጤና ጣቢያ በሠራሁባቸው ዓመታት፣ ሕፃኑ ስድስት ወር ሲሞላው ከጡት ወተት ጋር ተጨማሪ ምግብ እንዲጀምር፣ እንቁላልም እንዳይቀርበት ለእናቶች እንመክር ነበር። ብዙዎቹ «እንቁላሉስ ከየት ይምጣ?» ይሉን ነበር። እውነታቸውን ነው። የአገራችን ዶሮ በገጠር አያያዝ በዓመት የምትጥለው ከ30 እስከ 60 እንቁላል ያህል ነው። የሚታቀፈውና ለጨው፣ ለደብተር የሚሸጠው ሲነሣለት ለልጅ የሚተርፈው ጥቂት ነው።

የሀበሻ ዶሮ ግን ማሻሻል አይቻልም ማለት አይደለም። ቢሾፍቱ የሚገኘው የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ፣ ከምዕራብ ኦሮሚያ ከሆሮ አካባቢ የተሰበሰቡ የአገር ዶሮዎችን ይዞ ማራባት ጀመረ። የውጭ ደም አልቀላቀለም። በየትውልዱ ብዙ የጣሉትን፣ ክብደታቸው የተሻለውን እየመረጠ ለመጪው ትውልድ ወላጅ አደረጋቸው። ሰባት ትውልድ ያህል ሲያልፍ የሚጥሉት እንቁላል ከእጥፍ በላይ ሆነ፤ ሳይሞቱ የሚያድጉትም በረከቱ።

በዚህ ሥራ ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ፤ የአባትየው ድርሻ። አውራው እንቁላል አይጥልም፤ ለጫጩቶቹ ዘር ግን ግማሹን የሚሰጠው እሱ ነው። አሜሪካ ውስጥ በሜይን ግዛት ያለ የእርሻ ምርምር ጣቢያ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1898 ጀምሮ ለዓመታት ብዙ የጣለችውን ዶሮ ብቻ እያየ መረጠ፤ የመንጋው እንቁላል ግን አልጨመረም። ቆይቶ ሬይመንድ ፐርል የተባለው ተመራማሪ ምርጫውን ቀየረው። ወላጆቹን፣ አውራውንም ጭምር፣ ሴት ልጆቻቸው በሚጥሉት እንቁላል መመዘን ጀመረ። ያን ጊዜ ውጤት መጣ።

ታዲያ አምስት ዶሮ ያላት እናት ምን ታድርግ? ቀለም ያለው ክር በየዶሮዋ እግር፣ ሳይጠብቅ፣ ይታሰር። የትኛዋ እንደጣለች በግድግዳ ላይ ባለው ቀን መቁጠሪያ ምልክት ይደረግ። ይህን ሥራ የልጅ ልጆች ይወዱታል። ቀድማ መጣል የጀመረች፣ ብዙ የጣለች፣ ከታቀፈች በኋላ ቶሎ ወደ መጣል የምትመለስ ዶሮ እሷ ትመረጥ። ለማስታቀፍ የሚቀመጠው እንቁላል የሁሉም ድብልቅ አይሁን፤ የምርጦቹ ብቻ ይሁን። ከእነሱ ወንድ ጫጩቶች መካከል ጤነኛውና ፈጥኖ ያደገው ለዘር ይቅር። የገዛ ልጆቹን እንዳያጠቃ ደግሞ ሴቶቹ ልጆቹ ሲደርሱ ሩቅ ካለ ጎረቤት አውራ ጋር ይለዋወጡ፤ ዝምድና ሲበዛ የሚፈለፈለው ጫጩት ይቀንሳል፣ ይደክማልም።

በአንድ ዓመት ተአምር አይጠበቅ። ዶሮዎች በእንቁላል ብዛት የሚለያዩት በአብዛኛው በመኖ፣ በውኃ፣ በመጠለያና በጤና ነው፤ በዘር የሚተላለፈው ክፍል አነስተኛ ነው። ስለዚህ ምርጫና አያያዝ አብረው ይሂዱ። ፈንግል ሲገባ ምርጡንም ተራውንም አይለይምና፣ ክትባቱን ከቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ መጠየቅ ይቅደም።

«ለምን የፈረንጅ ዶሮ አንገዛም?» የሚል አይጠፋም። ቦቫንስ ብራውንን የመሰለችው በዓመት 300 ገደማ ትጥላለች፤ ሆኖም የተሟላ መኖና ጥበቃ ትፈልጋለች። እሷ የተለያዩ ዘሮች ድቅል ናት፤ እንቁላሏ ቢታቀፍም ልጆቿ እሷን አይመስሉም። ራሷም እምብዛም አትታቀፍም። ገንዘቡና መኖው ላለው ጥሩ ናት። እደጅ ጭራ ለምትበላዋና ጫጩቷን ከጭልፊት ለምትከላከለዋ ግን የሀበሻዋን ማሻሻል ያዋጣል።

ሂሳቡን እንየው። አምስት ዶሮዎች እያንዳንዳቸው በዓመት 20 እንቁላል ቢጨምሩ 100 እንቁላል ነው፤ ለአንድ ሕፃን በሳምንት ሁለት ያህል ይደርሰዋል። ለዚህ የሚከፈለው ዋጋ በበዓል ዋዜማ ምርጡን አውራ እቤት አስቀርቶ ሁለተኛውን መሸጥ ነው። ወጡ ትንሽ ይቀንስ ይሆናል፤ የልጁ ሳህን ግን ይሞላል።